ስለ ተትረፈረፈው መብራትዎ እናመሰግናለን

ካርቱም፣ ቡሪ
ጥር 2014 ዓ.ም.

ለሰፈራችን የመብራት ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? የቢሮዎ ማቀዝቀዣስ እንደምን አለ? ባለፈው ደጅ ልጠና ስመጣ ትንሽ ያጓራ ነበርና ልቤ ሳያርፍ ሰንብቷል። እኛ ጽሕፈት ቤትዎ በፈቀደልን መጠን አለን። ባለቤቴም እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ይተነፍሳል፤ ከሰዓት በኋላ ስለሚሆነው ግን ከፈጣሪ ቀጥሎ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

በቅድሚያ ይህን ደብዳቤ በአማርኛ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በአረብኛ ደጋግሜ ባመለክት፣ ዕድሜዬን የገፋሁበትን፣ ገበያ የምከራከርበትንና ሰው የማስቀብርበትን አረብኛ የቢሮዎ ጸሐፊ «የሐበሻ አረብኛ ነው፤ አይገባም» ብላ መልሳልኛለች። ማመልከቻዬ የማይነበብ መሆኑ እርግጥ ከሆነ ዘንድ፣ አሳምሬ በምጽፍበት ቋንቋ ሳይነበብ ቢቀር ይሻላል ብዬ ነው። ግልባጩ ሐበሾች በምንበዛበት ሰፈር፣ በዴም፣ በሸዋንግዛው ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እዚያ ቢያንስ ምሳ የሚጠብቅ ሰው ያነበዋል።

ስሜ ወሰንየለሽ ይባላል። ባለቤቴ ማሩ በጎንደር የጂኦግራፊ መምህር ነበር። በደርግ ዘመን ሁለታችንም በአንድ ሌሊት ድንበር ተሻግረን ወደዚህ አገር ገባን፤ አገርዎም ተቀበለን፤ ለዚህ የማቀርበው ምስጋና ያለ አንዳች ሽሙጥ ነው። ማሩ የሚያስተምረው ሲያጣ ዴም ካለ ዳቦ ቤት ገብቶ ጸጉሩ ሳይሸብት በዱቄት ሸበተ። ዱቄቱ በዝግታ ሳንባው ላይ ተኛ። ከዚያ የድሮውን መንግሥት የጣለው አብዮት መጣ። ሰልፈኞቹ በደጃችን ሲያልፉ ማሩ እንስራ ሙሉ ውሃ አውጥቶ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እየቀዳ ያጠጣቸው ነበር። እነሱን ለመበተን የተተኮሰው ቡምባን፣ ያ የሚያስለቅሰው ጭስ፣ ውሃ የሚቀዳና መፈክር የሚያሰማ አይለይምና ከዱቄቱ የተረፈውን ሳንባ ወሰደው።

ዛሬ ማሩ የሚተነፍሰው ከሶኬት ነው። አልጋው አጠገብ የቆመ የኦክስጅን ማሽን ከክፍሉ አየር ኦክስጅኑን እየለየ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫው ይልክለታል። ቱቦው ከአልጋው ተነሥቶ እስከ በሩ ደፍ ይደርሳል፤ ከዚያ አያልፍም። ለተማሪዎቹ የዓለምን ወንዞች በቃሉ የሚጠራላቸው የነበረው ሰው አገሩ አሁን ስፋቱ ይኸው ነው፤ እኔም የዚያ አገር ዜጋ ነኝ። ማሽኑ በጮኸ ጊዜ ከአጠገቡ መገኘት ስላለብኝ፣ ለእርስዎ ደጅ ልጠና ካልሆነ በቀር ከቤት አልወጣም።

ክቡርነትዎ እንደሚያስታውሱት፣ ቀድሞ ችግራችን መብራት መጥፋቱ ነበር። በሙቀቱ ወራት ለግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሲጠፋ ማሩ በሲሊንደር ኦክስጅን ይቆይ ነበር። ይህን ያዩ የዴም ልጆች፣ ከፊሎቹ ራሳቸው የቀን ሥራ ሲያገኙ የሚበሉ፣ ሲያጡ ጾማቸውን የሚያድሩ፣ አዋጥተው የሶላር ሰሌዳዎች፣ አንድ ኢንቨርተርና አንድ ባትሪ ገዙልን። ሰሌዳዎቹን ጣሪያ ላይ ተሸክሞ ያወጣቸው በሽር ነው። በሽር የሟቹ አከራያችን ልጅ ሲሆን ከእናቱ ጋር እዚሁ ግቢ ይኖራል። የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ ሲወርድ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ነበር። «ኻልቲ ወሰን፣ ከዛሬ ጀምሮ የማንም ለማኝ አይደለሽም፤ ፀሐይን ደግሞ ማንም አያጠፋትም» አለኝ፤ «ኻልቲ» አክስቴ ማለቱ ነው። እኔም አመንኩት። ምን ላድርግ፣ ልጅ ሲደሰት ማመን ይቀናኛል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት እውነትም መልካም ነበሩ። ቀን ፀሐይዋ ማሽኑን እያሠራች ባትሪውን ትሞላለች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ኢንቨርተሩ የእርስዎን መብራት ይቀበላል፤ የእርስዎ ሲጠፋ ደግሞ ባትሪው ይተካል። ማሩ በየጠዋቱ ዓይኑን ሲገልጥ «ዛሬ በማን ነው የምተነፍሰው? በፀሐይ ነው በመንግሥት?» ይለኝ ነበር። «በፀሐይ» ስለው ፈገግ ብሎ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ይህ ሰላም እንዳይለመድ ጽሕፈት ቤትዎ ያደረገውን ትጋት ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ለማመስገን እወዳለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ልግስናዎ። በሰፈራችን መስመር ጫፍ ላይ አንድ የበረዶ ፋብሪካ ነበር። መብራቱ እዚያ እስኪደርስ ይደክም ስለነበር፣ ባለቤቱ ቃላቸው የሚሰማ ሰው በመሆናቸው፣ ትራንስፎርመሩ ከፍ ተደርጎ ተስተካከለላቸው። ከለውጡ በኋላ እኒህ ሰው ፋብሪካውን ቆልፈው ወደ ካይሮ ተሻገሩ። የሚጠጣው ሄደ፤ የሚቀዳለት ግን እንደ ቀድሞው ይቀዳል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ፣ በተለይ ሱቁና ወርክሾፑ ሁሉ በሚዘጋበት ሰዓት፣ ለሁለት መቶ ሠላሳ ቮልት በተሠሩ ዕቃዎቻችን ላይ ሁለት መቶ ሰባ ይጎርፍባቸዋል። አምፖሎቻችን እንደ ወርቅ ያበሩና እንደ ወርቅ ይጠፋሉ። ቮልቴጅ ማስተካከያ ገዝተን ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና እስከ ማክሰኞ ቆየ።

ኢንቨርተራችን ግን ከእኛ የበለጠ ሥርዓት አዋቂ ነው። የመጣው ቮልቴጅ ከልኩ ሲያልፍ ቀይ መብራት አብርቶ ከእርስዎ መስመር ራሱን ያላቅቃል። በዚህ አልወቅሰውም፤ ባይላቀቅ ኖሮ የማሩ ማሽን ገና ድሮ ጢስ ሆኖ ነበር። ነገር ግን ሌት ተቀን ከመስመሩ እየሸሸ ሸክሙን ሁሉ ባትሪው ላይ ጣለው። ለዓመታት እንዲያገለግል የተገዛ ባትሪ ክረምቱን ሳያጋምስ ደክሞ ሞተ። ሌላ እንዳንገዛ ዋጋው ከእኛም ከዴም ልጆችም አቅም አልፎ ሄዷል። ሻጩ እንዳስረዳን ደግሞ ያለ ባትሪ ይህ ዓይነቱ ኢንቨርተር ፀሐይዋን ብቻዋን መያዝ አይችልም፤ የእርስዎን መብራት መደገፍ አለበት፤ የእርስዎ መብራት ደግሞ ከልክ አልፏልና አይቀበለውም። እንግዲህ የካርቱም ፀሐይ ጣሪያችንን እየጠበሰች፣ የእርስዎ መብራት በግድግዳችን ውስጥ እየጎረፈ፣ እኛ ከሁለቱ መካከል ያለ አንዳች መብራት እንቀመጣለን፤ ማሩም ያን ጊዜ ወደ ሲሊንደሩ ይመለሳል። በጠራራ ፀሐይ እንዲህ ያለ ጨለማ መፍጠር ከአንድ ጽሕፈት ቤት በላይ የሆነ ችሎታ ይመስለኛል።

ሁለተኛ፤ ስለ መስተንግዶዎ። ወደ ቢሮዎ መጀመሪያ በመጣሁ ጊዜ የቆጣሪው ባለቤት ካልሆንሁ አቤቱታ እንደማይቀበሉ በትሕትና ተነገረኝ። የቆጣሪው ባለቤት የበሽር አባት ናቸው፤ አርፈዋል። እሳቸውን ይዤ መምጣት እንደማልችል ባስረዳ፣ ወራሽ ይምጣ ተባልሁ። በሽርን ይዤ መጣሁ። ወራሾቹ ብዙ ናቸው፣ ውርሱም ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤቱ ከለውጡ ጀምሮ ዳኛ እየጠበቀ ነው፤ ስለዚህ በሽር ወራሽ መሆኑ ገና አልተረጋገጠም ተባልን። ቤት እንዳንቀይር፣ ማሽን ላይ የተኛ ሰው ያለበትን ተከራይ የሚቀበል አላገኘንም። ያገኘነው አንድ ቤትም ከዚሁ ትራንስፎርመር ይበላል።

በሽር ትዕግሥቱ አልቆ በርዎን ከፍቶ በገባ ጊዜ ግን ክቡርነትዎ ራስዎ አነጋገሩን፤ ያንን ክብር አልዘነጋም። ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ መነጽርዎን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ኡምዱርማን መብራት አጥቶ ያለቅሳል፤ አንቺ በዛብኝ ብለሽ ትከሺያለሽ? አልሐምዱሊላህ በይ!» አሉኝ። አልሁ። ቤት ስመለስ ማሽኑ እየጮኸ፣ ማሩ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ ትከሻው ከጆሮው ደርሶ አየር ሲስብ አገኘሁት። ሲሊንደሩን ከፍቼ ቱቦውን ሰካሁለት። እዚያም ላይ አልሐምዱሊላህ አልሁ፤ ትእዛዝዎን ሁለት ጊዜ ፈጽሜያለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ መሐንዲስዎ። ከብዙ ምልልስ በኋላ አንድ ወጣት መሐንዲስ የመለኪያ መሣሪያውን በአንገቱ አንጠልጥሎ መጣልን። ያለ ውሸት፣ የተላጨ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ሆኖም እሱ ደጃችንን ባንኳኳበት ሰዓት የሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ነበር። ልጁ ሥራውን አክባሪ ነውና ሁለቱን መርፌዎች ሶኬቱ ውስጥ ከትቶ ለካ። ዜሮ ሆነ። ወረቀቱ ላይም «ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ አልተገኘም» ብሎ ጻፈ። መብራቱ እስኪመጣ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቀዝቃዛ ውሃ እንዲጠጣ ብለምነው፣ «ያ ኻላ፣ የእኔ ሥራ ያለውን መለካት ነው፤ የሚመጣውን ለመለካት ትእዛዝ የለኝም» አለኝ።

ሲወጣ ግን በሩ ላይ ቆም አለ። ማሩን አየው፤ ቱቦውን በዓይኑ ተከትሎ እስከ ማሽኑ ሄደ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ትራንስፎርመሩ ከፍ ብሎ መታሰሩን እንደሚያውቅ፣ ዝቅ ለማድረግም ብዙ ጊዜ እንደማይፈጅ፣ ነገር ግን መስመሩ ለጥቂት ጊዜ መጥፋት እንዳለበትና ለዚያም ፊርማ እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። የሚፈርሙት ሰው በለውጡ ተነሥተዋል፤ በቦታቸው የተቀመጡት ተጠባባቂ ናቸው፤ ተጠባባቂ ደግሞ አይፈርምም። በየቀኑ ያለ ማንም ፊርማ የሚጠፋ መስመር፣ አንድ ጊዜ ለጥቅም እንዲጠፋ ሲፈለግ ፊርማ ማስፈለጉን ሰምቼ ሳቅሁ። ልጁም ሊስቅ ብሎ ተወው። «ማሌሽ፣ ኻላ»፣ አይዞሽ ምን ይደረግ እንደ ማለት፣ ብሎኝ ሄደ።

አራተኛ፤ ስለ ፍርድዎ። ከዚህ ጉብኝት በኋላ ከቢሮዎ የመጡ ሁለት ሠራተኞች ጣሪያችን ላይ ወጥተው ሰሌዳዎቹን ተመለከቱና የቮልቴጁ መብዛት ከእኛ ሶላር የመጣ ስለሆነ በአስቸኳይ እንዲነሣ አስጠነቀቁን። የእኛ ማሽን ወደ መስመሩ አንዲት ጠብታ እንደማይልክ፣ እንዲያውም አብዛኛውን ቀን ከመስመሩ ተላቅቆ ቀይ መብራቱን አብርቶ እንደሚውል በሽር ሊያሳያቸው ሞከረ። አንደኛው ቀይዋን መብራት አየና «ይኸው፣ ራሱ ጥፋተኛ መሆኑን አምኗል» አለ። ጎርፍ ሲመጣ ጣሪያው ላይ የወጣ ሰው ጎርፉን አመጣህ ሲባል የሰማሁት በዚያን ቀን ነው።

አምስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ይላልና ይታገሡኝ።

ጥቅምት ላይ፣ ወታደሮቹ መንግሥቱን በያዙበት ሰኞ፣ ጠዋት ስንነሣ ስልኩ ሞቷል፤ ኢንተርኔቱም የለም። ሬዲዮው ማርሽ ብቻ ያሰማል። ጎረምሶቹ መንገዱን በጡብና በድንጋይ ዘግተው፣ ጎማ አቃጥለው በየመስቀለኛው ቆመዋል። ድልድዮቹ ተዘግተዋል። ሲሊንደር የሚያመጣልን ሙሐመድአወል የሚባል የወሎ ሰው፣ የራሱ ባለ ሦስት እግር ረክሻ ያለው፣ ልጆቹን እዚህ ያሳደገ ጎልማሳ ነው። በዚያን ጠዋት ሊመጣ ቀጠሮ ነበረው። እንዴት ያልፋል? ደውዬ እንዳልጠይቀው ስልክ የለም። ቤት ያለው ሲሊንደር መርፌው ከቀዩ መስመር ወርዷል።

መብራት ግን ነበረ። ክቡርነትዎ፣ በዚያን ቀን እንደ ነበረው ያለ መብራት በዘመኔ አላየሁም። ከተማው ሁሉ ሥራ አቁሞ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ወርክሾፑ ተቆልፎ፣ መስመሩን የሚካፈል ጠፍቶ ስለ ነበረ፣ የሰፈሩ መብራት ሁሉ ተጠራቅሞ እኛ ቤት የመጣ መሰለ። ኢንቨርተሩ ቀይ አበራና ተዘጋ። ማሽኑም ዝም አለ። ማሽኑን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ልሰካው ሄድሁ፤ ሶኬቱ ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ቢቃጠል ሌላ የለም። ባይሰካ ሲሊንደሩ ያልቃል። ሆስፒታል እንዳንሄድ መንገድ የለም፤ ብንሄድም ተሸክመነው ጢሱ ውስጥ ማለፍ ነው። ክፍሉ መሃል ቆሜ ገመዱን በእጄ ይዤ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ማለት አቃተኝ። ማሩ በዓይኑ ብቻ ይከተለኛል። ከንፈሩ መጥቆር ጀምሮ ነበር። «ወሰን፣ ተቀመጪ፤ አንቺ ስትሮጪ የእኔም አየር ያልቃል» አለኝ።

ተቀመጥሁ። ስቀመጥ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በዒድ ጠዋት የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ልብስ ሲተኩሱ ኢንቨርተሩ አረንጓዴ አብርቶ ይውል ነበር። ሲጨርሱ ቀዩ ይመለሳል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ለእርስዎም በሁለተኛው ማመልከቻዬ ላይ ጽፌ ነበር። ከመስመሩ ብዙ ሰው ሲቀዳ ግፊቱ ይወርዳል ማለት ነው። ወደ ጓሮ ወጥቼ በሽርን ተጣራሁ።

«ያለውን ሁሉ አብሩ! ካውያውንም ምድጃውንም፣ ሁሉንም አብሩ!»

በሽር አብጄ እንደ ሆነ ለማወቅ ጥቂት ቆሞ አየኝ። ከዚያ ነገሩ ገባው። ቅጥር ዘሎ በየበሩ ሮጠ። «ያላ! የመምህር ማሩ እስትንፋስ ነው፤ ያላችሁን አብሩ!» እያለ ሲያንኳኳ ድምፁ ከጎማው ፍንዳታ በላይ ይሰማ ነበር። እናቱ ማቀዝቀዣውን፣ ፍሪጁን፣ የውሃ ማፍያውን፣ የልብስ ካውያውን ሁሉ ሰካች። «እማ፣ ፍሪጁ ይቃጠላል» ቢላት፣ «ፍሪጅ ይቃጠል፤ ሰው ከሚቃጠል» አለችው። ማዶ ያለው ከቢር፣ ብየዳ ቤቱን ለአድማው ብሎ ቆልፎት የነበረው፣ ከፍቶ ገባና የሚበየድ ሥራ ስለሌለው አንድ አሮጌ የበር ማጠፊያ ከተሰበረ አልጋ እግር ጋር ይበይድ ጀመር። ሲጨርስ ይቆርጠዋል፤ ቆርጦ እንደ ገና ይበይደዋል። ዓላማ የሌለው ሥራ በእንዲህ ያለ ቁም ነገር ሲሠራ ዓይቼ አላውቅም።

እኔ ኢንቨርተሩ ፊት ተንበርክኬ ቁጥሩን እያየሁ ነበር። ሁለት መቶ ሰባ። ሁለት መቶ ስድሳ አምስት። አንድ ሰው የሆነ ቦታ አንድ ተጨማሪ ነገር ሰካ፤ ሁለት መቶ ስድሳ። ጥቂት ቆመ። እዚያው ላይ ሲዋዥቅ ጥርሴን ነክሼ ስጠብቅ ከቢር ብየዳውን ሲነካው ወረደ፤ ሁለት መቶ ሃምሳ። ኢንቨርተሩ ጥቂት አመነታና «ጣ» ብሎ አረንጓዴ አበራ። ማሽኑ አንዴ ጮኸና መንፋት ጀመረ። የማሩ ትከሻ በዝግታ፣ በጣም በዝግታ ከጆሮው ወርዶ ወደ ቦታው ተመለሰ። አላለቀስሁም። ተነሥቼ ቱቦውን አፍንጫው ላይ አስተካከልሁለት።

ክቡርነትዎ፣ ግማሹ ከተማ በመብራት እጦት በሚሰቃይበት አገር አንድ ሰፈር ሙሉ ሆን ብሎ መብራት ሲያባክን ዋለ። ባዶ ምድጃ ጋለ፤ ተተኩሶ የታጠፈ ልብስ እንደ ገና ተተኮሰ። የሰው ሁሉ ቆጣሪ ቅድሚያ የተከፈለበትን በልቶ ጨረሰው፤ የበሽር እናት ፍሪጅም እንደ ተፈራው ተቃጠለ። አንድም ሰው ግን ማብሪያውን አላጠፋም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሙሐመድአወል ደረሰ። ረክሻውን ሱቅ ዐረቢ ገበያ አጠገብ ትቶ፣ ሲሊንደሩን በትከሻው ተሸክሞ፣ መንገድ በዘጉት ጎረምሶች እጅ በእጅ እየተቀባበለ፣ ከአንዱ የጡብ ክምር ወደ ሌላው ተሻግሮ ነው የመጣው። ገና በሩን ሲገባ «አልረፈደም?» አለ። አልረፈደም ነበር። ማሩ እጁን ያዘው።

ይህ ከሆነ በኋላ ጽሕፈት ቤትዎ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ተነሣሽነት ሰፈራችንን ጎበኘ። በዚያን ቀን በመንገዳችን የታየው ፍጆታ ከመደበኛው እጅግ የበለጠ ስለ ነበረ ምክንያቱ እንዲጣራ መታዘዙን የመጡት ሰዎች ነገሩን። የበዛ ቮልቴጅ እንደማይለካ አውቃለሁ፤ የበዛ ፍጆታ ግን ወዲያው መለካቱ መሣሪያዎችዎ ጤነኛ መሆናቸውን ያሳያልና ደስ ብሎኛል። ከቢር ሲጠየቅ የበየደውን አሳያቸው፤ የአልጋ እግር ላይ የበቀለ የበር ማጠፊያ። ለምን እንደሚያገለግል ሲጠይቁት «ለመተንፈስ» አላቸው። በወረቀታቸው ላይ ምን ብለው እንደ ጻፉት አልነገሩንም።

ክቡርነትዎን ብዙ አላስቸግርም። ያንን ትራንስፎርመር ዝቅ ያድርጉልን። ፊርማው ከጠፋ፣ ሰፈሩ ሁሉ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ሊፈርምልዎ ዝግጁ ነው። መስመሩ የሚጠፋበትን ሰዓት ብቻ አስቀድመው ይንገሩን። መጥፋቱን እኛ እንችላለን፤ ለምደነዋል። ያልለመድነው መኖሩን ነው። ከዛሬ ጀምሮ እስኪመልሱልኝ ድረስ በየቀኑ ከቀትር በፊት የሰፈሩ ሴቶች ተራ ገብተው ካውያ እንደሚሰኩ፣ ከቢርም ብረቱን እየቆረጠ እንደሚበይድ አስቀድሜ በማክበር አሳውቅዎታለሁ። ይህን የምናደርገው በንቀት አይደለም። ሌላ አየር ስለሌለን ነው።

በመጨረሻም የሥልጣን ዘመንዎ እንደ ቮልቴጃችን ከፍ ያለ፣ ትዕግሥትዎም እንደ ባትሪያችን ያልሆነ እንዲሆንልዎ፣ ቢሮዎም በምሥራቅ በኩል ነፋስ የሚገባበት እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ከሶኬት እስከ በሩ ደፍ ባለችው አገራችን ስም እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ወሰንየለሽ፣ የመምህር ማሩ ባለቤት
ቡሪ፣ ከተዘጋው የበረዶ ፋብሪካ በላይ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳልልከው አንድ የጦር መኮንን ከነቤተሰባቸው መንገዳችን ማዕዘን ላይ ወዳለው ትልቅ ቤት ገቡ። በገቡ በሦስተኛው ቀን የግድግዳ ያህል የሆነው ቴሌቪዥናቸው ተቃጠለ። በዚያው ከሰዓት በኋላ የእርስዎ ሰዎች መጥተው፣ ሻይ በሚፈላበት ጊዜ ውስጥ፣ ትራንስፎርመሩን ዝቅ አደረጉት። ያ የተላጨው መሐንዲስም አብሯቸው ነበር፤ ቀና ብሎ አላየኝም። አሁን ቮልቴጁ ልክ ነው፤ አረንጓዴው ሲበራ ይውላል፤ ማሩም ይተነፍሳል። ስለዚህ ከላይ የጻፍሁት ሁሉ ያለፈበት ነው ብዬ ልቀደው ነበር። ነገር ግን ለመኮንኑ ጥበቃ ሲባል መንገዳችን በሁለቱም ጫፍ በሰንሰለት ተዘግቷል። መታወቂያው ያልታደሰ አይገባም፤ የስደተኛ ወረቀት የሚያድሰው ቢሮ ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ ዝግ ነው። ሙሐመድአወል ትናንት፣ መብራት ሲጠፋ የምንደገፍበትን ሲሊንደር እንደ ተሸከመ፣ ከሰንሰለቱ ተመለሰ። እኔም ከወጣሁ መመለሴ ስለማይታወቅ አልወጣም። ደብዳቤውን የምታደርስልኝ የበሽር እናት ናት። ማሩ ሰላም በሉልኝ ይላል፤ መብራቱ ተስተካክሏልና መጥተው ይዩልን። ሲመጡ ግን ዘበኞቹ እርስዎንም አያውቁዎትምና መታወቂያዎን አይርሱ።